እኔ የመረጥኩት ኮርቻ

ዛሬ መገናኛ አንድ የሳይክል ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆሜ፣ ገና ያልተከፈለበትን አዲስ ኮርቻ በምላጭ ልቅደደው ብዬ ጠየቅኩ።

አዎ፣ እኔ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ፣ ሰው ቤት ገብቼ ተቀመጪ ካልተባልኩ የማልቀመጥ ሴት።

ሻጩ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ወደ ልጄ ወደ ሰናይት ዞሮ፣ "እናትሽ ደህና ናቸው?" አላት።

ሰናይት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ልንገራችሁ።

ሰናይት የታክሲ ሰልፍ ቢሰለቻት ከመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ ያገለገለ ሳይክል ገዛች። ኦሎምፒያ ቢሮዋ ድረስ ልትመላለስበት ነው። ሳይክሉ ደህና ነው፣ ኮርቻው ግን ተቀዳዶ ስፖንጁ ወጥቷል። "እማዬ፣ አንቺ ዕቃ መምረጥ ታውቂያለሽ፣ አብረሽኝ ሂጂ" አለችኝ።

እኔ። ኮርቻ መራጭ።

ልጄ የዚህን ነገር ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ሌላውን ግማሽ ለእናንተ ለማላውቃችሁ ሰዎች መንገር ለምን እንደቀለለኝ እንጃ።

በደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሾላ ገበያ ጀርባ ነበር። ባለቤቴ በላቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦሌ አየር ማረፊያው አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር። ግራ ጉልበቱ ላይ ብረት ወድቆበት ብዙ መራመድ አይችልም። ሳይክል ሲነዳ ግን አያመውም። ሐኪሙም፣ "እግርህን ከፈለግከው ከሳይክልህ አትውረድ" ብሎታል።

ሳይክሉን የሰጠው አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ነው፣ አገር ለቆ ሲሄድ። በሰፈሩ ሳይክል ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር።

ኮርቻው ግን የመቀመጫ ጠላት ነው። ቆዳው ተሰንጥቆ የሞላው ሽቦ ጫፍ ወጥቷል። በላቸው አሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ጠምጥሞበት ነው የሚቀመጠው። ሱሪዎቹ ሁሉ ከኋላ ሁለት ቦታ ይበሳሉ፣ እኔ ሁለት ክብ እራፊ እጥፍባቸዋለሁ። ከኋላው ስታዩት ሱሪው ዓይን ያወጣ ነበር የሚመስለው።

"ቀይረው" እለዋለሁ።

"ተይው አስካለ፣ ለምጄዋለሁ" ይለኛል።

ለምን እንደሚል አልጠየቅኩትም። ወንድ ለራሱ ነገር መግዛት አይወድም ብዬ ዘጋሁት።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ "ለአስቸኳይ ስብሰባ" ይላል፣ ሳይክሉን ይወስዳል። እንቢ ይባላል? በዚያን ጊዜ የነበራችሁ እስቲ መልሱልኝ።

ግን ሁልጊዜ ቶሎ ይመልሰዋል። አንድ ሰዓት አይሞላም። ሲመጣም ተቀምጦበት አይደለም፣ እየገፋው ነው። አንድ ቀን ወገቡን ይዞ፣ "ጓዲት አስካለ፣ ይሄ ኮርቻ የማን ወገን ነው?" አለኝ።

መጀመሪያ እሱ እስኪስቅ ጠበቅን። ከዚያ ሳቅን።

ሊቀመንበሩ ሲሄድ በላቸው ኮርቻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ጥሩ ውሻ። አየሁት። አልገባኝም።

እኔ የገባኝ ሱሪው ነበር። የገባኝ የባሌ መቀመጫ ነበር። ማክሰኞ ቀን ለማንም ሳልነግር ከቀበሌ ሱቅ ያጠራቀምኩትን የሦስት ወር ስኳር ይዤ ሾላ ሄድኩ። ያገለገለ ብረታ ብረት የሚሸጡ ጋሽ ይማም የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ፣ ስኳር ከተገኘ ከብር ያስበልጡታል። አሮጌውን ኮርቻም ለብረቱ ላመጣላቸው ቃል ገባሁ።

ሦስት ኮርቻ አወጡልኝ። እኔም ከዘንቢሌ የበላቸውን ሱሪ አወጣሁ።

ምን ታደርጊበታለሽ አትበሉኝ። የሚቀመጥበትን ቦታ ከእራፊዎቹ የበለጠ የሚያውቅ አለ? ሱሪውን እያንዳንዱ ኮርቻ ላይ ዘርግቼ መለካት ጀመርኩ። ሰው ቆሞ ያያል።

"አንቺ ልጅ፣ ሱሪውን ካመጣሽ ሰውየውን ምን ብለሽ ተውሽው?" አሉ ጋሽ ይማም።

"ሥራ ላይ ነው።"

"ያለ ሱሪ?"

ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ስፖንጅ ነው። አውራ ጣቴ ሰጠመ። "እሱ እስከ ሐምሌ ነው፣ ከዚያ ውኃ ይጠጣል" አሉኝ። ሁለተኛው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ለዘላለም ይኖራል፣ የሚቀመጥበት ሰው ነው የማይኖረው። ሦስተኛው ወፍራም ቆዳ፣ ሰፊ፣ ከሥሩ ሁለት ጠንካራ ሞላ። ሱሪውን ዘረጋሁበት። ሁለቱ እራፊዎች ልክ ሁለቱ ሞላዎች ላይ አረፉ።

"ይሄ ከሁላችንም በኋላ ይኖራል" አሉ ጋሽ ይማም።

ማታ በላቸው እራቱን ሲበላ ብሎኑን ፈትቼ ቀየርኩት። ጠዋት ወጥቶ ሲያየው ቆመ። ቀስ ብሎ ተቀመጠበት።

"ይመቻል" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ "አሮጌውን አትጣይው" አለ።

ከሰዓት በኋላ አሮጌውን ለጋሽ ይማም ወስጄ ሰጠሁ። ቃል ቃል ነው።

ሦስት ቀን ነዳበት። ሦስት ቀን ሱሪው አልተበሳም። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ሰፈሩን በኩራት ዞርኩት።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ መጣ። በላቸው ለቅሶ ሄዷል። ሳይክሉን አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ኮርቻውን በነጠላዬ ጠረግኩለት። ይባስ ብዬ፣ "ዛሬ አይጎዳዎትም ጓድ፣ አዲስ አድርገንበታል" አልኩት።

ተቀመጠ። ሁለቴ ነጠር ነጠር አለበት።

"እንዲህ ነው እንጂ!" አለኝ።

አንድ ሰዓት አለፈ። መሸ። እሑድም አልመጣም።

ሰኞ በላቸው ሳይነጋ በእግሩ ወጣ።

ማክሰኞ አንድ አብዮት ጠባቂ ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣልኝ። እኔ በልጅነቴ ብዙ አልተማርኩም፣ መሠረተ ትምህርት የጨረስኩት ገና በዚያው ሰሞን ነው። በስማችን የመጣ ደብዳቤ ለሰው ሳልሰጥ ራሴ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሳይክሉ ለአብዮታዊ ሥራ ስለሚያስፈልግ ቀበሌው ዘንድ ይቆያል ይላል።

አንዲት ቃል አልሳትኩም።

ማታ በላቸው ጉልበቱን ለብ ባለ ጨው ውኃ እያሸ ሳለ ደብዳቤውን አነበብኩለት። ሲያልቅ ማሸቱን ተወ።

"ያን ኮርቻ ሰባት ዓመት ለምን ያልቀየርኩት ይመስልሻል?" አለኝ። "ስንቱ ተዋሰው፣ ሁሉም ግን መለሰው። ቁልፋችን እኮ ነበር።"

ይኸው ነው ያለኝ። የቁልፉን ነገር እስኪሞት ድረስ ደግሞ አላነሳውም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓመታት በእግሩ ሄደ። አንዳንድ ጠዋት አውቶቡስ ይገኛል፣ ብዙውን ጠዋት አይገኝም። ከሳምንት ሳምንት እርምጃው ሲጎተት ከደጅ ቆሜ እሰማለሁ። ሊቀመንበሩ ደግሞ በበራችን ያልፋል፣ ተመቻችቶ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ። ሰላም ይለኛል። እኔም ሰላም እለዋለሁ። እሱን ያመቻቸሁት እኔ አይደለሁም?

መንግሥት ሲለወጥ ሳይክሉን ከቀበሌው ግቢ አገኘነው። ጎማ የለው፣ ሰንሰለት የለው፣ ፍሬን የለው። ኮርቻው ግን አለ። እንዲያውም ለስልሷል።

በላቸው በከዘራው መታ መታ አደረገውና፣ "ጥሩ መርጠሽ ነበር" አለኝ።

ጉልበቱ መታጠፍ ካቆመ ቆይቷል።

ሰናይት ያኔ ልጅ ነች። ከዚያ ሁሉ የምታስታውሰው ሦስት ወር ስኳር የሌለው ሻይ መጠጣቷን ነው።

እንግዲህ ዛሬ ሻጩ አንድ ውስጡ ጄል ያለበት ኮርቻ አወጣና፣ "እማማ፣ ይሄን ሶፋ ነው በሉት" ሲለኝ ምን ላድርግ? አውራ ጣቴ ሰጠመ፣ ሲለቁት ተመለሰ። ስፌቱም ጠንካራ ነው። ምቾትም ጥንካሬም፣ ሁለቱም አለው። ያኔ ነው ምላጭ አለህ ወይ ያልኩት።

"ትንሽ ብቻ፣ ከላይ በኩል። አይቶ እንዳያምረው።"

"ማን?" አለች ሰናይት። "እማዬ፣ አሁን ማን ይወስድብኛል?"

"ሌባ ነዋ" አለ ሻጩ።

"አየሽ?" አልኳት።

እሷ ግን ገዛችው። ቤት ስንደርስ ገጠመችውና እኔን ላለማየት ይመስለኛል ጎረቤት ሄደች።

የማታውቀው ነገር፣ እሷ ስትከፍል እኔ ከበር ላይ ካሉት ነጋዴዎች ምላጭ ገዝቻለሁ።

ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፏል። ምላጩን ከቦርሳዬ ላወጣ ስል አንድ ነገር መጣብኝ። በዕድሜዬ ሁለት ኮርቻ መርጫለሁ፣ አንዱን በሱሪ፣ አንዱን በአውራ ጣት። አንዱም ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ቦርሳዬን ደረጃው ላይ አስቀምጬ፣ ግድግዳውን ይዤ፣ ከደረጃው ላይ ወጣሁበት።

እንዴት ይመቻል መሰላችሁ።

በእውነት ለመናገር እኔም ብሆን አልመልሰውም ነበር።

አሁን ችግሩ መውረዱ ነው። እግሬ መሬት አይደርስም፣ ስወጣበት ሳይክሉ ከደረጃው ራቅ ብሏል፣ ስነቃነቅ ደግሞ ይንሸራተታል። ምላጩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ደረጃው ላይ ነው፣ ሰናይት ጎረቤት ነች፣ እጄ ላይ ያለው ስልኬ ብቻ ነው። ብጮህ ትመጣለች፣ ግን ምን ብዬ ልጩህ?

ላይኩን ተዉትና፣ ቀሚስ የለበሰ ሰው ከሳይክል እንዴት እንደሚወርድ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።