የጋሼ ተስፋዬ ጭስና የእንጦጦ ንፋስ

ሲጋራ መተው ከባድ ነው ይባላል። እኔ እንዳየሁት ግን ከሲጋራው ይልቅ ክርክሩን መተው ይከብዳል። ሲጋራ ቢያንስ ያልቃል። አጫሽ አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ የምለው ይገባችኋል፤ ካልሆነ ዕድለኞች ናችሁ፣ ስሙኝ።

የምሠራው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዩኒፎርም የሚሰፋበት አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው። ቆራጩ ጋሼ ተስፋዬ ናቸው፤ እጃቸው ወርቅ፣ አፋቸው ጭስ ማውጫ። ሕጉ ሥራ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ ሕጉ ግን ጨርቅ መቁረጥ ስለማይችል ባለቤቱ ከጋሼ ጋር መጣላት አይፈልግም። ከጎኔ የምትሰፋው ትዕግሥት አስም አለባት። በአፍ የሚነፋ መድኃኒቷን ከቦርሳዋ አውጥታ የስፌት መኪናዋ ላይ ማኖር ከጀመረች ሰንብታለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ወሩ ሲሞላ ልቀር ነው። ሥራውንስ ወድጄው ነበር» አለችኝ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ ሲለኩሱ፣ ጭሱ ትዕግሥትን እያፈናት መሆኑን ተናገርኩ።

«ዕድሜ ልኬን አጭሼ ምን ሆንኩ?» አሉ።

ስለ እሳቸው ማን ጠየቀ? የታፈነችው ትዕግሥት ናት።

«እሷስ ከየካ አባዶ እዚህ እስክትደርስ የሲኖትራክ ጭስ ስትጠጣ አይደል የምትመጣው?»

«መንገድ ላይ ዝናብ የመታው ሰው፣ ቤት ሲገባ ባልዲ ውሃ ይከለበስበታል እንዴ?» አልኳቸው። ቤቱ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

«አንተ ደግሞ! ጭስ ያሳደገህ ሰውዬ፣ ዛሬ ሲጋራ ከረፋህ?»

እውነታቸውን ነው። በወጣትነቴ ዳቦ ቤት እሳት አነድ ነበር፤ ከእንጦጦ የወረደ እርጥብ ባሕር ዛፍ። አብሮኝ የሚያነድ ጓደኛ ነበረኝ። እሱም «ለምደነዋል» ይል ነበር። ሲስል ከረመ፤ ቀበርነው። ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልናገርም። ጭስ ማንንም አያሳድግም፤ ያላደጉት ተነሥተው አይከራከሩም እንጂ።

ብድግ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩት።

የአገራችንን ሰው ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ ተፋፍጎ ሳለ አንዱ መስኮት ቢነካ፣ የሞት አዋጅ የታወጀ ይመስለዋል። ቤቱ ባንድ ድምፅ ጮኸ።

«ዝጋው! የእንጦጦ ንፋስ ወገቤን ሊመታኝ ነው!» አሉ ጋሼ፣ ጋቢያቸውን እየሳቡ።

«ጋሼ፣ የማይታየው ንፋስ በዚህች ቀዳዳ ገብቶ እርስዎን ከመታ፣ የሚታየው ጭስ ትዕግሥትን እንዴት ይስታታል?»

ጋሼ ሲጋራቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያጨሱት ደጅ ነው። «ሽማግሌ አባረርክ» ተባልኩ። ይባል። ወሩ ሞላ፤ ትዕግሥትም አልቀረችም።

አንድ ጠዋት ጋሼ እየሳሉ ገቡ። «ይኸው፣ ባንተ ጦስ ብርድ መታኝ!»

ሁሉም ዞሮ አፈጠጠብኝ። አንዱ ዳማከሴ ሊያመጣ ተነሣ፤ አንዷ ዝንጅብል ልታፈላ ሮጠች። የትዕግሥትን ሳል ወራት ሙሉ ያልሰማ ቤት ይህችን አንዲት ሳል ሰማ። ለካ ጆሮ አለን!

«እግዜር ይማርዎ» አልኩና ስፌቴን ቀጠልኩ። መስኮቱን ግን አልዘጋሁም።