የጦር አዛዡ ጫጩቶች

(መጽሐፍ መጠረዣ ክፍል። ረጅም ጠረጴዛ፣ የሙጫ ቆርቆሮ፣ ክር፣ የወረቀት ክምር። ጠራዡ የአንድ መዝገብ ጀርባ ይሰፋል። የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ፣ አጠገቡ ቆሞ ወፍራም መጽሐፍ ያገላብጣል።)

ጠራዡ፦ ጋሼ፣ ገጽ በምራቅ አይገለጥም።

ተቆጣጣሪው፦ አርባ ዓመት በምራቅ ስገልጥ ማንም አልሞተም።

ጠራዡ፦ ሰው አይሞትም፤ ወረቀቱ ነው የሚያብጠው። ለነገሩ ስለዚሁ መጽሐፍ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ። ሰኞ ጠርዤ ስሰጥዎ…

ተቆጣጣሪው፦ ዛሬ ነጋሪው እኔ ነኝ። አሁን ከቤተ መጻሕፍት መምጣቴ ነው። «የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን የሕይወት ታሪክ እንዴት እናንብብ» ብዬ አንድ ሰዓት ተኩል አወረድኩት። ስልሳ ሰው።

ጠራዡ፦ ንግግሩ ነገ አልነበረም እንዴ?

ተቆጣጣሪው፦ አንተ መቼም ቀኑን የምታውቀው እህቴ ስትነግርህ ነው።

ጠራዡ፦ (መርፌውን አስቀምጦ) እንግዲያው ነገሩ ከብዷል። ገጽ ሰማንያ አንድ ላይ…

ተቆጣጣሪው፦ ገባኝ። ልታነበው ሞክረህ ግራ ገባህ። ስማኝ፤ የጥንት የሕይወት ታሪክ እንደ ጋዜጣ አይነበብም። ጸሐፊው «መቼ ሆነ» ብሎ አይጨነቅም፤ «ምን ዓይነት ሰው ነበር» ነው ጥያቄው። ሰውየው ከተማ ከማረከበት ቀን ይልቅ እራት ላይ የቀለዳት ቀልድ ትበልጥበታለች።

ጠራዡ፦ እሱስ ጥሩ። ግን ጫጩቶቹ…

ተቆጣጣሪው፦ አዎ። ሮማውያን ጦርነት ከመግጠማቸው በፊት ዶሮዎች ጥሬ ሲለቅሙ ያያሉ። ከበሉ ይዋጋሉ፤ ካልበሉ ይቀራል። ገጽ ሰማንያ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ጠራዡ፦ (መጽሐፉን ተቀብሎ) እስከ ሰማንያ ልክ ነዎት። ሰማንያ አንድ ላይ ግን «የጫጩቶቹን ውሃ መጠጫ በየጠዋቱ በሞቀ ውሃ እጠብ» ይላል።

ተቆጣጣሪው፦ መንጻት ነው። ከአምልኮ በፊት ዕቃ ይነጻል።

ጠራዡ፦ «ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ቢሆን ይመረጣል»ስ?

ተቆጣጣሪው፦ ትሕትና ነው። ታሪኩ የሚተረክለት የጦር አዛዥ እንደ ወታደሩ መሬት ላይ ይተኛ ነበር።

ጠራዡ፦ ሰጋቱራ ላይ?

ተቆጣጣሪው፦ ሰጋቱራ ላይ። እዚህ ጋ ስደርስ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች።

ጠራዡ፦ «ኩሳቸው ነጣ ብሎ ከቀጠነ ቶሎ ከሌሎቹ ለያቸው»?

ተቆጣጣሪው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እሱ የሸንጎ አባላቱ ናቸው። ጸሐፊው ፈርቶ በነገር ወጋቸው። ሰሙን ትተህ ወርቁን እይ።

ጠራዡ፦ «በሃምሳኛው ቀን ለገበያ ይቅረቡ»?

ተቆጣጣሪው፦ ሙስና። ሥልጣን ሲቸበቸብ።

ጠራዡ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ የዶሮ እርባታ መመሪያ ነው።

ተቆጣጣሪው፦ ላይ ላዩን ሲያዩት እንደዚያ ይመስላል።

ጠራዡ፦ ውስጥ ውስጡንም ዶሮ ነው። የእርስዎንና የአንዲት ዶሮ አርቢን መጽሐፍ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ፈትቼ፣ ስሰፋ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ ተለዋወጠብኝ። ትናንት ነው ያወቅኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

(ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ነጥቆ ያነባል። ሌላ ገጽ ይገልጣል። ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።)

ተቆጣጣሪው፦ ሰዉ ደብተሩ ላይ ጻፈው። «ሰጋቱራ፣ ትሕትና» ብሎ ጻፈው። ለሚቀጥለው ሳምንትም ጋብዘውኛል።

ጠራዡ፦ እኔም ብኖር እጽፍ ነበር። ሲናገሩ ያምርብዎታል።

ተቆጣጣሪው፦ የኔዎቹ ገጾች ታዲያ የት ገቡ?

ጠራዡ፦ ዶሮ አርቢዋ መጽሐፍ ውስጥ። መጥታ የነገረችኝ እሷ ናት።

ተቆጣጣሪው፦ ስቃ ሞታለቻ።

ጠራዡ፦ ኧረ አልሳቀችም። አንብባ ጨርሳዋለች። «ሰውየው ለወታደሮቹ አባት ነው፤ ሚስቱን ግን ጸሐፊው ባንድ መስመር ነው ያለፋት። ሰውየውን ስለወደደው ነው። እኔ ያቺን መስመር ሦስቴ አነበብኳት» አለች።

ተቆጣጣሪው፦ (ቀና ብሎ) ሦስቴ?

ጠራዡ፦ «ከድሉ በፊት ሰማይ ላይ እሳት ታየ የሚለውንም አላምንም፤ ካሸነፈ በኋላ ነው እሳቱን ያስታወሱት» ብላለች።

ተቆጣጣሪው፦ ይኼን ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቆይ፣ ገጽ ዘጠና ሰባት ላይ ባሕር ላይ ተሸንፎ ይመለሳል፤ ለምን እንደተሸነፈ እሷ ጋ በገቡት ገጾች ላይ ተጽፏል?

ጠራዡ፦ እርስዎ ለሰዉ ምን አሉ?

ተቆጣጣሪው፦ ያለፍኩትን አታንሳብኝ።

ጠራዡ፦ ዶሮዎቹ መርከብ ላይ ጥሬ አንበላም አሉ። እሱ ንቋቸው ገጠመና ተሸነፈ። ጸሐፊው «የአማልክት ቁጣ ነው» ይላል።

ተቆጣጣሪው፦ እሷስ?

ጠራዡ፦ «ዶሮ ማዕበል ላይ ጭነህ ብላ ብትለው ከየት ይበላል? ባሕሩ አዙሮት ነው» አለች።

(ተቆጣጣሪው ከጠረጴዛው እርሳስ ያነሳል።)

ጠራዡ፦ ስልኳን ልስጥዎ?

ተቆጣጣሪው፦ ስልኳ ምን ያደርግልኛል። ቀስ ብለህ ድገምልኝ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ልጽፈው ነው።

ጠራዡ፦ ይጻፉት። እሷም ንግግርዎ ላይ እገኛለሁ ብላኝ ነበር፤ የዛሬው ስላመለጣት ሳምንት መምጣቷ አይቀርም፤ ሦስት ጥያቄ ይዛለች።

ተቆጣጣሪው፦ (እርሳሱን ቀስ ብሎ አስቀምጦ) እንግዲያው ስልኳን ስጠኝ። እሷ ትናገር፤ እኔ ወንበር እደረድራለሁ።