ሜዳልያ የሚያጠልቀው ትከሻ ከምትሮጠዋ ተማሪ ጉልበት ስለ መቅደሙ

የአካባቢው ተማሪ አትሌቶች ዕውቅና ሰጪ ኮሚቴ በወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በፊዚዮቴራፒ ክሊኒኩ የሕሙማን መጠበቂያ ክፍል ተሰበሰበ። ስብሰባው እንደ ደንቡ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መደረግ ነበረበት። ሆኖም አዳራሹ ፎቅ ላይ በመሆኑ፣ ከአባላቱም የሚበዙት ገና ደረጃ ሲያዩ መገጣጠሚያቸው ስለሚያጉረመርም፣ ስፖርትን ሊያከብር የተቋቋመው አካል ወደ ምድር ቤት መውረድ ግድ ሆኖበታል። አባላቱ በሙሉ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። የተሟላው የሰው ብዛት እንጂ የሰው አካል አለመሆኑ ከዚህ በታች ካለው ዝርዝር ይታያል።

የተገኙ አባላት፦

ሀ. ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር፣ ሊቀ መንበር። ቀኝ ትከሻቸው እጃቸውን ከጆሯቸው በላይ አያሳልፍም።
ለ. የሕንፃ ሥራ ተቋራጩ፣ በሰፈሩ አጠራር «ሲሚንቶ»፣ ምክትል ሊቀ መንበር። ሁለቱም ጉልበቶቻቸው።
ሐ. ልብስ ሰፊዋ፣ የሽልማት ጉዳይ ኀላፊ። የጣቶቻቸው አንጓዎች።
መ. የስፖርት መምህሩ፣ አባል። ምንም ሕመም የለባቸውም፤ ይህም ኋላ እንደሚታየው ተቆጥሮባቸዋል።
ሠ. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ። ወገብ።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ የክሊኒኩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፤ እንዲሁም ጓደኞቿ «ሽውታ» የሚሏት የረጅም ርቀት ሯጭ ተማሪ፣ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ፣ ግራ ጉልበቷ ያበጠ።

አጀንዳ ፩። ስለ ወንበር

ይህ ነጥብ አስቀድሞ በአጀንዳ አልተያዘም ነበር። ምክትል ሊቀ መንበሩ ዘግይተው ሲገቡ ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘው፣ ከእነርሱም አንዱ በተማሪዋ ግራ እግር ተይዞ ስላገኙት ከሁሉ በፊት እንዲታይ ጠየቁ። ባለሙያዋ እግሩ ያበጠ በመሆኑ ከፍ ብሎ መቀመጥ እንዳለበት አስረዱ። ምክትል ሊቀ መንበሩ «እግር የኮሚቴ አባል ነው እንዴ? ማን መረጠው?» ሲሉ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አቀረቡ። ባለሙያዋ «አብጦ እኮ ነው ጋሼ» ቢሉ፣ «የእኔም አብጧል፤ ግን ወርዶ ነው የሚሰበሰበው» የሚል መልስ ተሰጣቸው።

የስፖርት መምህሩ የራሳቸውን ወንበር ለምክትል ሊቀ መንበሩ ለቅቀው ቆሙ። ጉዳዩ በዚህ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን በውይይት ያልተፈታ ችግር እንደ ተፈታ ሊቆጠር እንደማይችል አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ የስፖርት መምህር መቆም ልማዱ ስለ ሆነ ቆሞ እንዲሰበሰብ፣ የተማሪዋም እግር ድንገት ለሚመጣ የክብር እንግዳ ወንበሩን እንዲለቅ ተወሰነ። የክብር እንግዳ አልተጠራም ነበር፤ አልመጣምም። መምህሩ ቦርሳቸውን ከእግሯ ሥር አደረጉላት። ቦርሳው ወንበር ባለመሆኑ ጉባኤው አልተቃወመም።

አጀንዳ ፪። ስለ ዓመቱ ተሸላሚ ተማሪ

የስፖርት መምህሩ ተማሪዋ በዓመቱ በትምህርት ቤቶች ውድድር በሮጠችበት ሁሉ ማሸነፏን ገልጸው እንድትመረጥ አመለከቱ። አክስቷ ልብስ ሰፊዋ «የእህቴ ልጅ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ አላውቃትም» በማለት ከአድልዎ የጸዱ መሆናቸውን አስመዘገቡ። ተማሪዋ «አክስቴ፣ ጠዋት ቁርስ ያበላሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «እሱ ቤት ነው፤ ይኼ ኮሚቴ ነው» ሲሉ የሥልጣን ወሰኑን አሰመሩ።

ምክትል ሊቀ መንበሩ የገዛ ልጃቸው በስልክ ላይ በሚጫወተው የእግር ኳስ ጨዋታ የሚስተካከለው እንደሌለ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ያለ ዕረፍት እንደሚለማመድ አስረድተው በዕጩነት አቀረቡት። የስፖርት መምህሩ የሚንቀሳቀሰው የአካል ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁ። አውራ ጣት መሆኑ ተነገራቸው። ልብስ ሰፊዋ የአውራ ጣት ሕመም እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ ከራሳቸው ያውቁታልና ለልጁ ማዘናቸውን ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ተማሪዋ የዓመቱ ተሸላሚ እንድትሆን፣ ለአውራ ጣቱም በቃል ማበረታቻ እንዲሰጠው ተወሰነ።

አጀንዳ ፫። ክሊኒኩ ለተሸላሚ ስላበረከተው ነፃ ሕክምና

ባለሙያዋ እንዳስረዱት፣ የተማሪዋ ጉልበት ከልምምድ ብዛት ተጎድቷል፤ ሕክምናው በዚህ ሳምንት ከተጀመረ ግን ይመለሳል። በሚመጣው ወር የስፖርት አካዳሚው ምልመላ አለ። ሮጣ ካለፈች ትምህርቷም ኑሮዋም በዚያ ይሆናል፤ ካልሮጠች ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሁለተኛ አትጠራም። በክሊኒኩ ብዙ ሕመምተኛ ወረፋ ይጠብቃል። ያም ሆኖ አንድ ተራ ተለቅቆ በኮሚቴው በኩል ለዓመቱ ተሸላሚ ይሰጥ ዘንድ ቀርቧል።

የስፖርት መምህሩ ተራው ለተማሪዋ እንዲሆን ጠይቀው፣ ነገሩ ውይይት የማያስፈልገው ግልጽ ጉዳይ መሆኑን ገለጹ። ውይይቱ በዚህ ቃል ምክንያት ረዘመ።

ሊቀ መንበሩ በመጀመሪያ ሜዳልያውን ማን እንደሚያጠልቅላት ጠየቁ። እርሳቸው መሆናቸውን ራሳቸው መለሱ። ተማሪዋ ረጅም ናት፤ የሊቀ መንበሩም ክንድ ከጆሮ በላይ አይወጣም። ስለዚህ ትከሻው ሳይድን ሜዳልያው አንገቷ ላይ ሊደርስ አይችልም፤ ሜዳልያ ያልጠለቀለትም ሰው ተሸላሚ ሊባል አይችልም፤ ተሸላሚ ያልሆነም ሰው የተሸላሚን ሕክምና ሊወስድ አይችልም። እንዲህ ከሆነ፣ የተማሪዋን ጉልበት ለማዳን መጀመሪያ መታከም ያለበት የሊቀ መንበሩ ትከሻ መሆኑን በሐዘን ደረሱበት። ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ አልታየም።

ምክትል ሊቀ መንበሩ ሜዳልያውን በሰሃን ይዞ መድረክ የሚወጣው ምክትሉ መሆኑን አስታውሰው፣ መድረክ ደግሞ ደረጃ እንዳለው አከሉ። «ሰሃኑ በራሱ አይወጣ! እኔ መንገድ ላይ ብቀር ሜዳልያውም ከእኔ ጋር ቀረ ማለት ነው።» ልብስ ሰፊዋ የሜዳልያውን ጥብጣብ የሚሰፉት እርሳቸው በመሆናቸው፣ ከክንዱም ከሰሃኑም በፊት ጣቶቻቸው እንደሚቀድሙ አስረዱ። መምህሩ «እትዬ፣ የእህትዎ ልጅ እኮ ናት!» ሲሏቸው፣ «ለዚያ ነው የማላዳላው! ለእሷ ብሰጥ ሰው ምን ይለኛል? ለራሴ ብወስድ ግን ማንም ዘመዷ ናት አይለኝም» ብለዋል። የምስጋናውን ጽሑፍ ቆሞ የሚያነበው ጸሐፊው ስለ ሆነ ወገቡ በአራተኛነት ተያዘ። ጸሐፊው ይህን አልጠየቀም፤ አልተቃወመምም።

በዚህ ጊዜ ተማሪዋ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ እኔ ዝቅ ብልልዎትስ? አንገቴን ዝቅ ካደረግሁ ትከሻዎ አይደክምም» አለች። ምክትል ሊቀ መንበሩ «እስቲ ዝቅ በይ» አሏት። ልትንበረከክ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ ብሏት የመምህሩን ክንድ ይዛ ቀረች። ምክትል ሊቀ መንበሩ «አየሽ? እኛ ይህን ሳናይ ቀርተን መሰለሽ?» ሲሉ የኮሚቴውን አርቆ አሳቢነት አስገነዘቡ።

የስፖርት መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እኔስ የምለው ምን ሆነና! ይታከምላትና ዝቅ ትበልላችኋ!» ማለታቸው ተመዝግቧል። ሊቀ መንበሩ ጩኸት ሐሳብ አለመሆኑን ተናገሩ። በተጨማሪም መምህሩ በየትኛውም መገጣጠሚያቸው ሕመም የሌለባቸው ስለ ሆነ፣ በዚህ አጀንዳ ላይ በቂ ልምድ እንደሌላቸው ታምኖበት ድምፅ እንዳይሰጡ ታገዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ተራው ለትከሻው፣ ለጉልበቶቹ፣ ለጣቶቹና ለወገቡ በቅደም ተከተል እንዲሰጥ፣ ከዚያ የተረፈ ካለ ለተማሪዋ እንዲሆን ተወሰነ። ባለሙያዋ በእንዲህ ያለ ዕድሜ የአራቱ ሕክምና ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ምልመላው ግን በሚመጣው ወር መሆኑን ደግመው አሳሰቡ። ወጣትነት ጊዜ እንዳለው ተነገራቸው። ውኃው በተናወጠ ቁጥር ሌላ እየቀደመው ሲገባ፣ ሰው አጥቶ ከዳር የቀረውን ያን የወንጌሉን መጻጉዕ ጸሐፊው አሰበ። ማሰብ ግን ድምፅ አይደለምና አልተቆጠረም።

አጀንዳ ፬። ውሳኔውን ወዲያውኑ በሥራ ላይ ስለ ማዋል

ሊቀ መንበሩ የኮሚቴው ውሳኔ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል የሚለውን ሐሜት ለማስቀረት ሕክምናው አሁኑኑ እንዲጀመር አዘዙ፤ ኮታቸውንም አውልቀው አልጋው የት እንደ ሆነ ጠየቁ። ባለሙያዋ አልጋ እንደማያስፈልግ ገልጸው ከግድግዳው ፊት አቆሟቸው። ጣቶቻቸውን በግድግዳው ላይ እንደ ሸረሪት እያስኬዱ ክንዳቸውን ወደ ላይ እንዲወስዱም ነገሯቸው። ክንዱ ጆሮ ዘንድ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ የቻሉትን ሁሉ ማድረጋቸውን አስታወቁ። ባለሙያዋ «ሕክምናው ከዚህ ነው የሚጀምረው አባባ፤ ትንሽ ብቻ» ብለው ክርናቸውን ደገፍ አደረጉ። ሊቀ መንበሩ በዚህ ጊዜ የተናገሩት ቃል በዘመናቸው ተማሪን ከትምህርት ቤት ያስባርር የነበረ ስለ ሆነ ከቃለ ጉባኤው ቀርቷል።

ምክትል ሊቀ መንበሩ «ይኼ ሕክምና ነው ወይስ ቅጣት? ማሸት የለም እንዴ? ቅባት ነገር፣ ሙቅ ፎጣ?» ሲሉ ጠየቁ። ባለሙያዋ «ይኖራል ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ። አሁን እርስዎ ከወንበርዎ ይነሡ፤ በእጅዎ ሳይደገፉ» አሉ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ተነሡ ለማለትም ተቀመጡ ለማለትም በማይመች ስፍራ ላይ ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። ይህ በየቀኑ በቤት እንደሚደገም ሲነገራቸው «በየቀኑ? በዓል የለም?» አሉ። ልብስ ሰፊዋ የጎማ ኳስ ተሰጥቷቸው ሁለቴ ጨምቀው ለሊቀ መንበሩ አሳለፉ። ሊቀ መንበሩም ሳይጨምቁ ለምክትላቸው አሳለፉ። የጸሐፊው ተራ ሲደርስ ጽሑፍ በዝቶበት ቀና ማለት አልቻለም።

አጀንዳ ፭። ድንገተኛ ጉዳይ

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቻቸውን እያሹ «ለልጆቹ ይሁን እንጂ! እኛማ ከእንግዲህ ምን ቀረን?» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ወዲያው ተደገፈ፤ በዚህ ኮሚቴ ታሪክ ያለ ረጅም ውይይት የተደገፈ የመጀመሪያው ነው። ሊቀ መንበሩ እርሳቸውም ከጅምሩ ትውልድን ማስቀደም ይሻሉ እንደ ነበር፣ ትከሻቸው ግን እንዳሳሳታቸው ገለጹ።

ነገር ግን ቃለ ጉባኤው በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ አጀንዳ ፫ ብቻ ቢሻር አንባቢ ለምን ተሻረ ብሎ እንዳይጠይቅ ተሰጋ። ምክትል ሊቀ መንበሩ «አንድ ጡብ ከመሃል ከተነቀለ ቀዳዳው ይታያል፤ ግድግዳው በሙሉ ከፈረሰ ግን ማንም ግድግዳ ነበር አይልም» ሲሉ ከሙያቸው አስረዱ። በዚህም መሠረት በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ ከወንበሩ ጀምሮ፣ ስብሰባውም ራሱ እንዳልተደረገ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የስፖርት መምህሩ ታግደው ስለ ነበር ድምፅ አልሰጡም። እገዳቸውም አብሮ ስለ ተሻረ ወዲያው መብታቸው ተመለሰላቸው፤ የሚመረጥ ነገር ግን አልቀረም ነበር።

ተማሪዋ «የእኔም መመረጥ ተሻረ? ሜዳልያውም የለም?» ብላ ጠየቀች። ሊቀ መንበሩ «ሁሉም ተብሏል ልጄ» አሏት። ወደ አክስቷ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን ወደ ጎማው ኳስ መለሱ። ምናልባትም በዚህ ቤት ውስጥ ሊያውቋት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

ባለሙያዋ የክሊኒኩ ስጦታስ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ተሸላሚ ስለሌለ ለሰጪው ከምስጋና ጋር እንዲመለስ ሊቀ መንበሩ ነገሯቸው። ባለሙያዋ «ተቀብያለሁ» አሉ፤ ቀጥለውም «ሽውታ፣ ጫማሽን አውልቂና ግቢ። መምህር፣ እስቲ ይደግፏት» ሲሉ አዘዙ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ይህ በየትኛው ውሳኔ እንደሚደረግ ጠየቁ። «በየትኛውም ውሳኔ አይደለም ጋሼ። ሕመምተኛ ናት፤ ይኼ ደግሞ ክሊኒክ ነው» ተባሉ። ጉባኤው የሚቃወመው ውሳኔ ፈልጎ አጣ። ልብስ ሰፊዋ ተነሥተው ያን የተከራከሩበትን ወንበር ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ፤ «እግሯን በዚህ ላይ አድርጊላት» ሲሉም ተሰሙ።

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩ ተማሪዋ ሕክምና ማግኘቷ በኮሚቴው ዓመታዊ ሪፖርት እንደ ዐቢይ ክንውን እንዲገባ ጸሐፊውን አዘዋል። ጸሐፊውም በሙሉ ድምፅ በጸደቀው ውሳኔ መሠረት፣ ይህ መልካም ሥራ የተሠራበት ቀን ኮሚቴው እንዳልተሰበሰበ በትሕትና ያስታውቃል።