ጀልባዋን ተሸክመን ወደ ጨሞጋ

በዚህ አገር ሰው በሚያውቀው ሥራ አይቀጠርም! አዎ፣ ደግሜ እላለሁ… አይቀጠርም! በሚያውቀው የሚቀጠር ቢሆን ኖሮ፣ ሥራ የሚያውቁት ሁሉ አደባባይ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ባልሞቁ ነበር። እኔን ተመልከቱኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያጠናሁት ሥራ አመራር ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ የመራሁት ነገር ቢኖር ግን ራሴን ነው፤ እሱንም ከአልጋዬ እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ ብቻ። በአራተኛው ዓመት እግዜር በሩን ከፈተልኝና ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ደመናው ጣራ በሚታከክበት ደጋ ላይ፣ "የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ሥምሪት ባለሙያ" ሆኜ ተቀጠርኩ!

አትሳቁ። ሳቃችሁን ለኋላ አስቀምጡት።

"ሐይቁ የት አለና?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ፈታኞቹን ይህንኑ ልጠይቅ ዳድቶኝ ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሥራ የፈታ ሰው ይመልሳል እንጂ አይጠይቅም።

"ስለ ጀልባ ምን ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ውሃ ላይ ይሄዳል" አልኩ።

ፈታኞቹ ተያዩና ጻፉ። ኋላ እንደሰማሁት ከተፈተኑት ሁሉ የተሻለውን መልስ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ደግሞም ሐይቁ የለም አይባልም። አለ። ቆላ ወርዶ፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ፣ የተገደበ ትልቅ ውሃ አለ። ዓሣው እዚያ ነው፣ አስጋሪዎቹም እዚያ ናቸው። ቢሮው ግን እዚህ ነው። ምነው ቢሉ… ቆላው ወባ አለበታ! የፕሮጀክቱ ሰነድ "ጽሕፈት ቤቱ አመቺ በሆነ ስፍራ ይከፈታል" ይላል፤ ለማን አመቺ እንደሆነ ግን አይልም። እናም ለንግድ ዓሣ ሊያሰግሩ ከታዘዙት ጀልባዎች የመጀመሪያዋ፣ "መጀመሪያ ንብረት ክፍል ገቢ ትሁን" ተብሎ በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥታ ዳገቱን ወጣች። እስቲ አስቡት፤ ዓባይን በድልድይ የተሻገረች ጀልባ!

ገቢ ሆነች። ወጪ የሚያደርጋት ግን ጠፋ። እኔ ሥራ ስጀምር ጀልባዋ ግቢ ውስጥ ከተቀመጠች አንድ ሙሉ ክረምት አልፏታል። ኃላፊዬ አቶ ሙሉዓለም እጄን ይዘው ወሰዱኝና "ይህቺ ጀልባህ ናት" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ከዳር እስከ ዳር በርበሬ ተሰጥቶባታል።

"ቆይ ላንሳልህ" አለ ዘበኛው፣ "ግን ገና አልደረቀም።"

የመጀመሪያው ሳምንት በስብሰባ አለቀ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ሦስት ቀን ተከራከርን። ከሁለቱም ወገን መጽሐፍ ተጠቀሰ፣ ሁለት ሰዎች ተኳረፉ፣ በቃለ ጉባኤው ላይ "ሰፊ ውይይት ተደርጓል" ተብሎ ተጻፈ። በዚህ ሁሉ መሐል ከዓሣ ወገን የሆነ አንድ ፍጥረት ቢሮውን ረግጦ አያውቅም።

በሁለተኛው ሳምንት ቅጽ ተሰጠኝ። "ጀልባዋ ውሃ ላይ የዋለችበት ሰዓት" የሚል ሣጥን አለው። እኔ ምን አለብኝ፣ "ዜሮ" ብዬ ሞላሁ። አቶ ሙሉዓለም አስጠሩኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እውነቱ ነው፣ ጌታዬ።"

"እውነቱን ማን ጠየቀህ? የተጠየቅኸው ሰዓቱን ነው። ካንተ በፊት የነበረው ልጅ አንድም ሳምንት ዜሮ ሞልቶ አያውቅም።"

"የት ሄዳ ነው ጌታዬ? ከግቢ አልወጣች!"

"ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብባት የት ነበረች? ውሃ ውስጥ አይደለችም?"

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይመልሱታል? ሰዓቱን ሞላሁ። አፍሬ ነበር፣ አልዋሻችሁም፤ ግን እናቴ መቀጠሬን ከሰማች ወዲህ አንገቷን ቀና አድርጋ ቤተ ክርስቲያን መሳም ጀምራለች። አንድ ወር ከተባለው የሙከራ ጊዜዬ የቀረው ግማሹ ነበር። ወደዚያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከመመለስ፣ በርበሬ የሞላ ጀልባ እየቀዘፍኩ ብኖር እመርጣለሁ!

ይሁንና ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ያ የሞላሁት ሰዓት ከላይ ያሉትን አስደሰታቸው መሰለኝ፣ "ጀልባዋ በሥራ ላይ እያለች በአካል ለማየት ሐሙስ ጠዋት የግምገማ ቡድን ይመጣል" የሚል ደብዳቤ መጣ። አቶ ሙሉዓለም ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡና እኔን አዩ።

"ሐሙስ ጀልባዋ ውሃ ላይ ካልታየች ቋሚነት የሚባል ነገር እርሳው!"

"የኔ?"

"የማን መስሎህ? የሥምሪት ባለሙያው አንተ ነህ!"

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ውሃ ፍለጋ ወጣሁ። ሐይቁን እርሱት፤ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ እዚህ። የቀረን የከተማችን ወንዝ ጨሞጋ ነው። ጨሞጋ ደግሞ በመጋቢት ቁርጭምጭሚት አያርስም። ደግነቱ ከመንገዱ በስተግራ ባለው ቁልቁለት ወርጄ ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት አንድ የወንዙ ኩሬ አገኘሁ። አቶ ሙሉዓለም መጥተው አይተው "ፎቶ ለመነሣት ትበቃለች" አሉ። እዚያው ባነር ይዘው እንግዶቹን ሊጠብቁ፣ እኔ ደግሞ ጀልባዋን በማለዳ ላደርስ ተስማማን።

በምን ላድርሳት? የቢሮው መኪና ነዳጅ የለውም። ቢኖረውም ወደ ኩሬው የሚወርደው የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ የሠፈራችንን እድር ለመንኩ። ጎጃም ውስጥ ከባድ ነገር ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ የሚያውቅ ሰው ከተፈለገ ከእድር ወዴት ይኬዳል? ስምንት ጎበዞች ከነቃሬዛው መጡልኝ። ሁለት ቃሬዛ ቀጣጥለን ጀልባዋን አሰርንበት። "ቀለሟ እንዳይጫጫር ሸፍኗት" ተብሎ ስለታዘዘ የስብሰባ አዳራሹን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አለበስናት። ለእኔ ደግሞ "ባለሙያ መሆንህ ይታወቅ" ተብሎ፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ብርቱካንማ ሰደርያ ተሰጠኝ። እሱን ለብሼ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

አሁን እናንተ አስተዋዮች ናችሁ። ነጭ የለበሰ ረጅም ነገር፣ በቃሬዛ፣ በስምንት ሰው ትከሻ፣ በማለዳ፣ በደብረ ማርቆስ መንገድ… ምን ትላላችሁ? እኔ ግን፣ እመኑኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ኩሬው ላይ ነበርና ጨርሶ አልመጣልኝም!

መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። "ጨዋ ልጅ ነው፣ መንገድ ለቀቀልን" ብዬ አለፍኩ። ቀጥሎ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ ከቡና ቤት ወጥቶ "እስቲ ልቀበልህ" ብሎ የፊተኛውን ተሸካሚ ትከሻ ተረከበ። ሌላው መጣ፣ ሌላው መጣ። ታውቁታላችሁ፣ በእኛ አገር ሬሳ ሲያልፍ ቆሞ የሚያይ የለም፤ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል፣ አቅም ያለው ይሸከማል። ማን ነው የሞተው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። የእኔ ስምንት ጎበዞች ደስ አላቸው። "ሰው አገዘን" እያሉ አንድ በአንድ ወደ ጠላ ቤት ታጠፉ። ዘወር ብዬ ሳይ ከስምንቱ አንድም የማውቀው ፊት የለም፤ ከኋላዬ ግን መንገዱ ሞልቷል።

"ምን ዓይነት ቁመት ነው?" አለ አንዱ ከኋላዬ በሹክሹክታ።

"ሁለት ናቸው አሉ" መለሰ ሌላው፣ "ባልና ሚስት። ባንድ ቀን።"

"ኧረ በማርያም! ልጁ የቱ ነው?"

"ያ ብርቱካን የለበሰው። አየኸው፣ ከሐዘኑ ብዛት የለበሰውን አያውቅም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልናገር አፌን ስከፍት አንዲት አሮጊት፣ እትዬ የሺ ይባላሉ፣ አንገቴን አቅፈው ሙሾ አወረዱብኝ። ሙሾ የሚያወርድን ሰው "ይቅርታ እትዬ፣ ጀልባ ነው" ብላችሁ አቋርጣችሁ ታውቃላችሁ?

መንታ መንገዱ ጋ ደረስን። ወደ ግራ ኩሬው ነው፣ ወደ ቀኝ ቤተ ክርስቲያን። ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ታጠፈ። እንጀራዬ ወደ ቀኝ ስትሄድ አየኋት! እትዬ የሺን ከአንገቴ አላቅቄ ጮህኩ።

"በግራ! በግራ! ወደ ወንዙ! ወደ ወንዙ ልሂድ!"

"ያዙት!" አለ አንድ ድምፅ። "ወንዝ ሊገባ ነው፣ ያዙት!"

ሁለት ጠብደል ወንዶች ግራና ቀኝ ክንዴን ቆለፉት። "ወንድማለም፣ አይዞህ። የሁላችንም መንገድ ነው" አለኝ አንደኛው። የባሰ ታገልኩ፣ የባሰ ጨመቁኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። እውነተኛ ልቅሶ! ሥራዬ እየተቀበረ ነበራ። እኔ ሳለቅስ ሕዝቡ ባሰበት፤ መንገዱ በዋይታ ተናወጠ።

በዚህ መሐል አንድ ነጭ መኪና ዳር ይዞ ቆመ። ሦስት ሰዎች ወረዱ። ሱፍ የለበሱት ወፍራም ሰውዬ ኮታቸውን ለሹፌሩ አቀብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡና ከፊት የቃሬዛውን ጫፍ ተቀበሉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ልክዳቸው አልችልም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትከሻ ሳይቀይሩ ደረሱ።

ቃሬዛው ተቀመጠ። የደብሩ ቄስ መጽሐፋቸውን ገልጠው ወደ እኔ መጡ።

"አይዞህ ልጄ። የክርስትና ስሙን፣ ሴት ከሆነችም ስሟን ንገረኝ።"

"አባ… የላትም።"

"አልተጠመቀችም እንዴ?"

"ኧረ አባ፣ ውሃ ነክቷት አያውቅም!"

አባ ፊታቸው ጠቆረ። ሌላ ምንም መላ ስላጣሁ ክንዴን ከጠብደሎቹ መንጭቄ የጠረጴዛውን ልብስ ገፈፍኩት። ሞተሯ ብቅ አለ። ከሥር አንድ ፍሬ በርበሬ ተንከባለለች።

"ታዲያ እኔ ይሄን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?" አሉ እትዬ የሺ።

ዓይናቸውን ጠረጉ። "ግድ የለም፣ ለባሌ ይቆጠርለት። ሲሞት በወጉ አላለቀስኩለትም" ብለው ዘንቢላቸውን አነሡ። ሕዝቡም ከፊሉ እየሳቀ፣ ከፊሉ እየረገመኝ ተበተነ። አባ መጽሐፋቸውን አጥፈው "በል ይህን ከዚህ አንሣ" ብለው ገቡ። የቀረነው እኔ፣ ጀልባዋ፣ ሱፍ ለባሹ ሰውዬና አብረዋቸው የወረዱት ሁለቱ ነን። ሰውዬው ትከሻቸውን እያሹ ጀልባዋ ጎን ላይ የተጻፈውን የፕሮጀክቱን ስም ቀስ ብለው አነበቡ።

"አንተ ማነህ?" አሉኝ።

"የሥምሪት ባለሙያው ነኝ።"

"እኔ የግምገማ ቡድኑ መሪ ነኝ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት አልተባለም እንዴ?"

ከዚህ በኋላ ምን ሊመጣብኝ? ሥራዬ እንደሆነ ሄዳለች። የሆዴን ተናገርኩ። "ወደ ውሃው እየወሰድናት ነበር፣ ጌታዬ። ወደዚህ ተሸክመው ያመጧት እርስዎ ነዎት እንጂ።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ።

"ማን አየኝ?"

"አገሩ ሁሉ።"

በዚህ ጊዜ አቶ ሙሉዓለም ባነራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው እያለከለኩ ደረሱ። ጀልባዋን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ቡድን መሪውን ከጎኗ ሲያዩ ቃሬዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቡድን መሪው "ጀልባዋን ቀብር ላይ አገኘናት" ብለው ቢጽፉ፣ "እርስዎስ እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?" የሚላቸው እንደማይጠፋ ገብቷቸዋል። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁኝና እዚያው ቆመው፣ ጀልባዋን ጠረጴዛ አድርገው ጻፉ።

ሪፖርቱ በሳምንቱ ደረሰን፤ ከእኔ የቋሚነት ደብዳቤ ጋር! ለእናቴ ላነብላት ደብዳቤውን በኪሴ ከትቼ ሪፖርቱን ገለጥኩት። "የግምገማ ቡድኑ ጀልባዋን በአካል አረጋግጧል። የኅብረተሰቡ ተሳትፎ እጅግ ከፍተኛ ነው። ፕሮጀክቱ ያለው በሕዝቡ ትከሻ ላይ ነው" ይላል።

ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ የተጻፉትን ሪፖርቶች አንድ በአንድ አገላበጥኩ። እውነት የተጻፈበት እሱ ብቻ ነው።