ለእሜቴ ሽማግሌ የላክኩበት ቀን

ሰፈሩ አጣፍጦ ከማውራቱ በፊት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ለውሻ ሽማግሌ ልኬያለሁ።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ለውሻ። ሽማግሌ።

ስክሪንሾት ልታደርጉ የተዘጋጃችሁ ሰዎች ትንሽ ታገሡ፣ ወደታች የባሰ አለ።

ለማያውቋት፣ እሜቴ ካራ አካባቢ ካለ የውሻ መጠለያ በአደራ የወሰድኳት፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮዋ የወደቀ፣ ፈሪ ውሻ ናት። ፈሪ ስላችሁ እንዲሁ ፈሪ እንዳይመስላችሁ። ፌስታል ትፈራለች። የድስት ክዳን ትፈራለች። ዣንጥላ ከተዘረጋማ አልጋዬ ሥር ትገባለች፤ የምትወጣውም እኔ ራሴ ገብቼ ስለምናት ብቻ ነው። ካልተለመነች ስለማትበላ ነው እሜቴ ያልኳት።

ሦስት ቤት ሄዳ ከሦስቱም ተመልሳለች።

የመጀመሪያው ሲ.ኤም.ሲ ቪላ ያለው ሰውዬ ነበር። የፈለገው ጠባቂ ውሻ ነው። የበሩ ደወል በተደወለ ቁጥር ግን እሜቴ ዘበኛው ጀርባ ትደበቃለች። መልሶ ሲያመጣት "ወንድሜ፣ እሷን የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ ልቀጥር ነው እንዴ?" አለኝ።

ሁለተኛዋ በስልኳ ቪዲዮ እየሠራች የምትለቅ ልጅ ነበረች። እሜቴ ስልክ ፊቷ ላይ ሲደቀን ትሸናለች። ልጅቷ ምንጣፏን ላውንደሪ ከሰጠች በኋላ በጣም ጨዋ ሜሴጅ ላከችልኝ። "ኢነርጂያችን አልተጣጣመም" ይላል።

ሦስተኛው እንጦጦ ሥር የሚኖሩ ባልና ሚስት ቤት ነው። ደግ ሰዎች ናቸው። ችግሩ አውራ ዶሮ አላቸው። ዶሮው እሜቴን አባሮ ከግቢ አስወጣት። ልብ በሉ፣ ዶሮ ነው ውሻ ያባረረው። ተራራው ላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጠፍታ፣ ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች ናቸው ያገኙልኝ። አንዷ ሯጭ ስታስረክበኝ "ፍጥነቷ ግን አሪፍ ነው" አለችኝ።

ይህን ሁሉ እየቀለድኩ እጽፈዋለሁ እንጂ፣ እሜቴ ከየቤቱ በተመለሰች ቁጥር የባሰ ትፈራለች። መጠለያው ሞልቷል። ቦታ ቢገኝ እንኳ እዚያ ስትሆን ምግብ አትቀምስም፤ አንዴ ልትሞትብን ደርሳ ነበር። እኔ ደግሞ የምኖረው ቀበና፣ በአንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። አከራዬ እትዬ አስካለ ብዙ ታግሠውኛል። በዚህ ሳምንት ግን አልቻሉም።

"ልጄ፣ ወይ እሷ ትውጣ ወይ ሁለታችሁም ውጡ" አሉኝ።

እስከ እሑድ ቀጠሩኝ። እስከ ዛሬ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፌቨን ልውሰዳችሁ። ፌቨን የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቤታቸው ፈረንሳይ ሰፈር ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ዶሮ የለም። አባቷ ጋሽ ኃይሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። የቆየ ውሻቸው አርጅቶ ከሞተ ወዲህ በረንዳ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ሌላ ውሻ እናምጣ ሲባሉ ግን አሻፈረኝ ይላሉ። እንዴት ላሳምናቸው ብዬ ፌቨንን በቴሌግራም ብጠይቃት "አባዬ ያለ ሽማግሌ እሺ ብሎ አያውቅም" ብላ መለሰችልኝ።

ከጎኑ የሚስቅ ኢሞጂ ነበር።

አላየሁትም አልልም። አይቼዋለሁ። ግን የጨነቀው ሰው ኢሞጂ ያነባል?

በቀጥታ ጋሽ በቀለ ጋ ሄድኩ። ጋሽ በቀለ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሰፈራችን ውስጥ እሳቸው ያላጋቡት ወይም ያላስታረቁት ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጉዳዬን ስነግራቸው አልሳቁም።

"ነፍስ ናት" አሉ። "ሁለት ሰው እጨምራለሁ። አንተ ለቤቱ ደውልና ሽማግሌ እንደሚመጣ ብቻ ንገር። ጉዳዩ በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው።"

ነውር ከሆነማ ነውር ነው። የፌቨንን እናት እትዬ ወይንሸትን በስልክ አገኘኋቸውና "ከፌቨን ጋር ነው የምሠራው። እሑድ ጠዋት ሽማግሌ ይዤ ልመጣ ነበር" አልኳቸው።

ሬዲዮ ሲቀንሱ ተሰማኝ።

"ለምን ጉዳይ ነው ልጄ?"

"ስንመጣ ይነገርዎታል።"

"ከፌቨን ጋር ነው የምትሠራው አልከኝ?" አሉ። ድምፃቸው ልስልስ አለ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ደስ ብሏቸውም ነበር ለካ።

ፌቨን ሳምንቱን ለሥራ ፊልድ ወጥታ ነበር። ትናንት ስትመለስ እናቷ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። "ደብቃን ነው የከረመችው፣ እኛም እንደብቃት" ተባብለው፣ ሽር ጉዱን ስታይ "የማኅበር ድግስ ነው" አሏት። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቀበና በእግር ወጣን፤ እሜቴ ታክሲም ትፈራለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እኔ የተዋስኩትን ኮት አድርጌአለሁ። እሜቴም አዲስ ማሰሪያ አላት።

ስንደርስ ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተርከፍክፎበታል። ሳሎኑ በዘመድ ጢም ብሏል። አጎቶች ሱፍ ለብሰዋል። ከጓዳ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። እኔ በልቤ ምን አልኩ መሰላችሁ?

"እንዴት ያለ ውሻ የሚወድ ቤተሰብ ነው!"

የማሰብ ችሎታዬን ከዚህ ገምቱ።

አንዲት አክስት ከነእሜቴ በሩ ላይ አይተውኝ "ውይ፣ ራሱ መጣ እንዴ? ደግሞ ውሻ ይዞ?" ሲሉ ሰማኋቸው። እውነታቸውን ነው፣ ሚስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ አብሮ አይመጣም። ያኔም አልገባኝም።

"አረፍ በሉ" ተባልን። ጋሽ በቀለ እንደ ወጉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ያ ስንት ቤት የገባ አፋቸው በለመደው መንገድ ብቻውን ሄደ።

"የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን ነው።"

በዚያችው ሰከንድ ፌቨን በፒጃማ ሱሪ፣ የውኃ ጆግ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ሽማግሌዎቹን አየች። እሜቴን አየች። እኔን አየች።

"አንተ፣ ምን እያደረግህ ነው?"

ጋሽ በቀለ ደነገጡ። "ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የአፍ ልማድ ነው። የመጣነው ስለ ውሻዋ ነው" አሉ።

አንዱ አጎት "ስለ ምን?" ብለው ጠየቁ። "ስለ ውሻዋ" ተባሉ። እትዬ ወይንሸት ቀስ ብለው ወደ ጓዳው ዞረው አዩ። የታረዱትን ዶሮዎች አስበው ይሆናል። እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሀል አክስትየው የያዙት ትሪ አመለጣቸው።

ትሪው ወለሉ ላይ ሲጮህ እሜቴ ማሰሪያዋን ከእጄ መንጭቃ ሮጠች። በሩ በሰው ተሞልቷል። መውጫ ስታጣ ጋሽ ኃይሉ ወንበር ሥር ገብታ ጭንቅላቷን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈነች። ከመንቀጥቀጧ የተነሣ ወንበሩም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሽ ኃይሉ ጎንበስ ብለው አዩዋት። "ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

ማፈሬን ረሳሁት። የሄደችባቸውን ቤቶች፣ የተመለሰችበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዛሬ ይዣት የምገባበት ቤት እንደሌለኝ፣ መጠለያ ከገባች ደግሞ የምትተርፍ እንደማይመስለኝም ጨመርኩ። አልደብቃችሁም፣ አልቅሻለሁ። ዘመድ አዝማድ ፊት፣ በሰው ኮት።

ጋሽ ኃይሉ እጃቸውን ወደ ወንበሩ ሥር አወረዱ። አልነኳትም፤ እጃቸውን እዚያው ተዉት። ቆይቶ ወንበሩ መንቀጥቀጡን ተወ።

ጋሽ በቀለ እንደ ወጉ "ለመልሱ መቼ እንመለስ?" አሉ። ሽማግሌ የተላከበት ቤት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ ማመላለስ አለ።

"ለልጄ ቢሆን ደጋግሜ አመላልሳችሁ ነበር" አሉ ጋሽ ኃይሉ። "እሷ ግን የተመላለሰችው ይበቃታል። እዚሁ ትቅር።"

አክስትየው እልልታውን አቀለጡት። እልል ሊሉ ተዘጋጅተው ስለመጡ ይዘውት መመለስ የከበዳቸው ይመስለኛል። እሜቴ እልልታም ትፈራለች ለካ፤ ጭራሽ ጋቢው ውስጥ ጠቅልላ ገባች።

ተቀመጥንና ወጡን በላን። እኔም በላሁ፣ ምን ላድርግ? መሀል ላይ አንዱ አጎት አጥንት እየጋጡ "የልጁስ ነገር እንዴት ሆነ?" ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ኃይሉ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"እሱስ ይቅርብን" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ፌቨን ናት፤ ግድግዳ ተደግፋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

አሁን ቤቴ ነኝ። ፌቨን ፎቶ ልካልኛለች። እሜቴ በረንዳው ላይ፣ ጋሽ ኃይሉ እግር ሥር፣ አራት እግሯን ዘርግታ ተኝታለች። እኔ ጋ እንደዚያ ተኝታ አታውቅም። ከፎቶው ሥር "እማዬ በጣም አዝናልሃለች፣ ወጥ ልላክለት ወይ እያለች ነው" ብላ ጽፋለች።

ስለ እሜቴ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ወገኖቼ፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። እኔ የማንንም ልጅ አልጠየቅሁም። ልጠይቅም አልሄድኩም። ታዲያ "ይቅርብን" ስባል እንዲህ ያመመኝ ለምንድን ነው?