ዲጋ ተራራ ላይ ያለው የጥንት ከተማ

ነቀምት ከመጣሁ ጀምሮ ሣጥኔን ባዶ አድርጌው አላውቅም። ምን ያስቃል? ዛሬ ነገ የሚዛወር ሰው ልብሱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል እንዴ? የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስላክ ለስድስት ወር ነው ብለውኝ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመቴ። በየዓመቱ ወደ አዲስ አበባ እንዲያዛውሩኝ አንድ አንድ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ መልስ የለም። ባለቤቴን እዚያው እርጉዝ ሆና ነው ትቻት የመጣሁት። ልጃችን ዘንድሮ የወተት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሯል አሉ። አሉ የምለው ሁለቴ ብቻ ስላየኋት ነው። ለምን አታመጣቸውም ትለኝ ይሆናል፣ ወዳጄ። ልዛወር አይደል? ለምን ላንከራትታቸው?

አንድ ቀን አለቃዬ ጠራኝና ዲጋ አጠገብ ተራራ ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ ይባላል፣ እስቲ ሄደህ አይተህ ሪፖርት ጻፍ አለኝ። የጥንት ነገር ያገኘ ሰው አዲስ አበባ መጠራቱ አይቀርም ብሎ ጨመረበት። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ቅዳሜ ማለዳ በጭነት መኪና ዲጋ ደረስኩ። ለዝውውሬ ቀን ያስቀመጥኩትን አዲሱን ጫማ አድርጌ ነበር፤ ቀኑ የደረሰ መስሎኝ። መንገድ የሚያሳዩኝ እዚያው ተራራ ሥር የሚያርሱ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አካም ቡልተን፣ አልኳቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ኦሮምኛ ይኼው የጠዋት ሰላምታ ነው። ለሚሄድ ሰው ቋንቋ ምን ያደርግለታል? አዝነውልኝ መሰለኝ በአማርኛ መለሱልኝ።

ዳገቱን እስከ ቀትር ወጣን። እግሬ ቆሰለ፣ የአንዱ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። ሽማግሌው በባዶ እግራቸው ከፊቴ ሆነው ይጠብቁኛል። ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ድካሙ ጠፋ። እስከ ወገቡ ሽበት የመሰለ ሣር የወረሰው የድንጋይ ግድግዳ! ደብተሬን አውጥቼ «እጅግ ጥንታዊ፤ የንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ አውቶቡስ ተራ ቆማ ስትቀበለኝ ታየኝ።

የትኛው ንጉሥ ነበር እዚህ የኖረው፣ አልኳቸው።

«ንጉሥ?» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «ጸሐፊ ነው እንጂ። እንዳንተ።»

ከሸዋ ለጥቂት ወር ተብሎ የመጣ ነው አሉኝ። የዝውውር ደብዳቤ ይዞ የሚመጣውን መልእክተኛ ከሩቅ ለማየት ብሎ ነው ቤቱን ጫፉ ላይ የሠራው። ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን አወጣው ብላቸው፣ አባቴ ከወንዙ በጫንቃው፣ ወዶ መሰለህ? አሉኝ። አቀረቀርኩ። ደብዳቤውስ መጣለት?

«መቃብሩ ከኋላ ነው» አሉ።

በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውዬው ይቀመጥ የነበረው እሱ ላይ ነው አሉኝ። የአዲስ አበባው መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ማንም አይመጣበትም። እውነቴን ነው የምልህ፣ አለቀስኩ።

«ዘመድህ ነበር?» አሉኝ ሽማግሌው ደንግጠው።

አዎ፣ የቅርብ፣ አልኳቸው።

ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። ግድግዳውን መታ መታ አድርገው፣ «ደህና ነው። የጎደለው ጣራ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ሪፖርቱን ትቼ ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ነቀምት ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ እንዲሰጠኝ። ለሰባቱ ዝም ያሉኝ ሰዎች ይህችን በሳምንቷ ማኅተም አድርገው ፈቀዱልኝ። አለቃዬም ጨበጠኝና አሁን የኛ ሰው ሆንክ አለኝ።

ለባለቤቴ «ልጅቷን ይዘሽ ነይ» ብዬ ደብዳቤ ጀመርኩ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። ቦታውን የፈቀዱልኝ ፋይሌን አይተው አይደል? ፋይሌን ካዩ ደግሞ የዝውውሩን ጥያቄም አይተዋል። በዚህ ወር መልስ ሳይመጣ አይቀርም። ታዲያ ለምን ላንከራትታቸው?