የእትዬ ዙቤዳ «ዋጥሽ?»

እግዜር ሰፈር ሲያድል፣ ለየሰፈሩ ሹክ ማለት የማይሆንለት አንድ ሰው መርቆ ነው። እናንተም ጋ አለ። ምስጢር ነግራችሁት «አደራ፣ እዚሁ ይቅር» ስትሉት፣ «እዚሁ ይቀራል!» ብሎ ለአላፊ አግዳሚው የሚያሰማው ማለቴ ነው። ለኛ ለኮልፌዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ዙቤዳ ናቸው። ሰፈርተኛው እትዬ ዙቤዳ ይላቸዋል።

እትዬ ዙቤዳ ገበያ ውስጥ አቡጀዲ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸውም የተገራው እዚያው ነው። ለቅሶ ቤት ገብተው «አይዞሽ» ሲሉ ሐዘንተኛዋ ደንግጣ ለቅሶዋን ታቆማለች። አንድ ቀን ፌርማታ ላይ ቆሜ የአቶ ነገሬ ልጅ መታጨቷን በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፤ በሳቸው ቤት ሹክ ማለታቸው ነው። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የልጅቷ አባት መስዬው «እንኳን ደስ አለህ» እያለ ጨበጠኝ። ምን ላድርግ፣ አመስግኜ ተሳፈርኩ።

ይኸን እያነሳሁ ስስቅ ሰው ሐሜተኛ ይለኝ ይሆናል። ግን ነገር አለኝ።

ባለቤቴ ጥሩብርሃን ሦስተኛ ልጃችንን ስትወልድ ደሙ አልቆም ብሏት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ሰውነቷ ሳያገግም ብታረግዝ ላናተርፋት እንችላለን» አለኝ። እንዳታረግዝ ምን እናድርግ ብዬ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከረባት ያሰረ ሰው፣ እንዲህ ያለውን ነገር በምን ቃል ይጠይቃል? ዘመድ አዝማዱም «ጡት የምታጠባ፣ የወር አበባዋን ያላየች ሴት አታረግዝም» ስላለን በዚያው ተጽናንተን ተቀመጥን።

ልጁ ዳዴ ማለት ሲጀምር ጥሩዬ ቦኖ ላይ ውሃ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለ፣ እትዬ ዙቤዳ ከሰልፉ ጫፍ ሆነው ተጣሩ።

«ጥሩዬ! አበባሽን አየሽ ወይ?»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አያት። ጥሩዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ኧረ እትዬ፣ በሞቴ ቀስ ይበሉ! አላየሁም፤ አጠባ የለም እንዴ?»

«ያ ረቢ! አበባውን ካየሽ በኋላ ልትጠነቀቂ ነው? እንቁላሉ እኮ ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ደሙ ኋላ ነው! በዚያ መሀል ከተያዘ አበባ ብሎ ነገር የለም፤ ሆድሽ ሲገፋ ነው የምታውቂው! ልጁ ገንፎ ጀምሯል፣ መጥባቱን ቀንሷል፤ ማጥባቴ ይጠብቀኛል ብለሽ እንዳትሞኚ!»

ባለቤቴ እንስራዋን ባዶውን ይዛ እያለቀሰች ገባች። ደሜ ፈላ፤ አሁንስ አበዙት ብዬ ላፋጥጣቸው ተነሳሁ። በሩ ላይ ስደርስ የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ የነገሩን እኔ ልጠይቀው ያፈርኩትን ነው።

በማግስቱ እኔ፣ ጥሩዬና እትዬ ዙቤዳ በአንድ ሰይቼንቶ ታክሲ ታጭቀን ክሊኒክ ሄድን። ነርሷ እትዬ ዙቤዳ ያሉትን እንዳለ ደገመችልን፤ ልዩነቱ ድምፅዋ ዝቅ ማለቱ ብቻ ነው። ጥሩዬን መርምራ ክኒን ሰጠቻት። «በየቀኑ አንድ፤ ባልሽ ኖረም አልኖረም። ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ዋጪ» አለቻት። ባትጨምረው ጥሩ ነበር፤ እትዬ ዙቤዳ ለማስታወሱ ራሳቸውን ሾሙ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ካጥራቸው ማዶ፣

«ጥሩዬ! ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ፣ እትዬ!»

«የዛሬውን?»

«የዛሬውን!»

እኔ ከረባቴን አስተካክዬ ስወጣ ባለሱቁ ገረሱ፣ «ጋሽ አምሐ፣ ዛሬስ ዋጡ?» ይለኛል። አንጀቴ አረረ። «እትዬ፣ እባክዎ ኮሶ ነው ብለው ይንገሩልኝ» ብላቸው፣ «ኮሶ በየቀኑ? ጃንሆይ ይሙቱ፣ በሳምንቱ ትቀብራታለህ!» አሉኝ። የአሰብ ሾፌሩ የጉታ ሚስት ክኒኑን የምትውጠው ባሏ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ የሰሙ ዕለት ደግሞ የባሰ መጣ። «አንቺ! ክኒኑ የሚጠብቀው ያንቺን ሆድ ነው፣ የሱን መኪና አይደለም!» ሲሉ ያልሰማ የለም።

ታዲያ አንድ የክረምት ጠዋት ጸጥ አለ። እትዬ ዙቤዳን ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል። እኔ ግን ምን እንደጎደለ ሳይገባኝ ወጣሁ። ሴቶቹ በየበራቸው ቆመው የእትዬ ዙቤዳን አጥር ያያሉ። የጉታ ሚስት አለች። የገረሱም ሚስት አለች፤ ያ አላጋጭ ገረሱ! የመሪጌታ ባለቤት ሳይቀሩ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ለካስ ያ ጩኸት ለኛ ቤት ብቻ አልነበረም፤ ባንዷ ስም ሁሉም ይውጡ ኖሯል።

ወደ ቤቴ ዞር አልኩ። ጥሩዬ ልጁን ታጥባለች፤ ረስታዋለች። ከረባቴን ላላ አደረግሁና ጮህኩ።

«ጥሩዬ! ዋጥሽ?»

«ውይ! ልዋጥ!» አለች። በሮቹም አንድ በአንድ ተዘጉ።

እትዬ ዙቤዳ ዘንድ ገባሁ። አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው ተኝተዋል፤ ሰምተውኝ ኖሮ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። በጣታቸው ጠሩኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

«ሰዓዳ የምትባል እህት ነበረችኝ። ታጠባ ነበር። ሐኪም እንዳትደግሚ ብሏት ምን ይሻለኛል ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ነውር መስሎኝ እኔም በጆሮዋ አይዞሽ አልኳት። ከነፅንሷ ቀበርናት።»

ለዓመት ያህል ስበሳጭባቸው የኖርኩ ሰው፣ አጎንብሼ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሚስቴን ያቆዩልኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አልሰማሁም» አሉ።

ሰምተዋል። እኔም ብድግ አልኩና፣ መስኮቱ ክፍት እንደሆነ እያወቅሁ፣ ባለ በሌለ ድምፄ ደገምኩላቸው።